ካኑላው ከተነቀለ በኋላ ክንዴ ላይ ገመድ ወጣ፤ ደሜ ረጋ ማለት ነው?

 

የዛሬው ትምህርታችን ብዙዎቻችሁ ፎቶ እያነሳችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ ነገር ነው፦ ግሉኮስ ወይም መድኃኒት ተሰጥቶበት በነበረ ክንድ ላይ የሚወጣ፣ ሲነኩት እንደ ገመድ የሚጠጥር፣ የሚያም መስመር። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት። መሃል ላይ እኔ ራሴ የሠራሁትን ስሕተትም እነግራችኋለሁ።

በታሪክ እንጀምር።

መርካቶ ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት መጣ። ሥራው ሸክም ነው፤ ከአይሱዙ ላይ ጆንያና ካርቶን እያወረደ ወደ መጋዘን ያስገባል። ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደግፎ ነው የገባው። እጅጌውን ሲሰበስበው ከክንዱ መሃል ተነስቶ እስከ ክርኑ እጥፋት የሚደርስ ጠቆር ያለ መስመር አየሁ። በጣቴ ስዳስሰው ከቆዳው ሥር ጠጣር ገመድ ያለ ይመስላል። ትኩስ ነው፤ ሲነካ ያመዋል።

«ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አለኝ። «ደምህ ረግቷል ብለውኛል። ልቤ ጋ ከደረሰ አለቀልኝ አይደል?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት አተኩሶት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዶ «ታይፎይድ ነው» ተባለና ለ5 ቀን በደም ሥር የሚሰጥ መርፌ ታዘዘለት። ካኑላው ክንዱ ላይ ተተክሎ ቀረ። እሱም በፕላስተር አጣብቆ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጃኬት ደርቦበት ሥራውን ቀጠለ። በአራተኛው ቀን መድኃኒቱ ሲገባ ያንገበግበው ጀመር። ዝም አለ። «ሌላ ካኑላ ግዛ እንዳልባል ብዬ ነው» አለኝ። ካኑላው ከተነቀለ በኋላ ገመዱ ወጣ። የሚያውቁት ሰው «የረጋውን ደም በሽታ እንበትነዋለን» ብለው ሦስት ማታ በቅቤ አሹት። ከዚያ በኋላ ባሰበት።

የልጁ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ሁለት ክፍል አለው፦ አዎ፣ ደም ረግቷል። አይ፣ አላለቀልህም። ለምን እንደሆነ እንመልከት።

ክንዳችን ውስጥ ሁለት ዓይነት መንገድ አለ

ትምህርት ቤት የተማርነውን እናስታውስ። ደም ቅዳ ከልብ ደም ይዞ የሚወጣው ነው፤ ደም መልስ ደግሞ ወደ ልብ የሚመልሰው። ክንዳችን ላይ ያሉት ደም መልሶች በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያዎቹ ከቆዳ ሥር ያሉት የላይኞቹ ናቸው። ነርሷ ክንዳችሁን በላስቲክ አስራ «ጨብጥ» ስትላችሁ የሚገተሩት እነሱ ናቸው። ዋና ዋናዎቹ ሴፋሊክና ባዚሊክ ይባላሉ። ሴፋሊክ በአውራ ጣት በኩል፣ ባዚሊክ በትንሿ ጣት በኩል ወደ ላይ ይወጣሉ።

ሁለተኞቹ በጡንቻ መሃል የተደበቁት የውስጠኞቹ ናቸው። በዓይን አይታዩም። አብዛኛው የክንዳችን ደም ወደ ብብትና ወደ ደረት የሚመለሰው በእነሱ በኩል ነው።

እንደ መርካቶ አስቡት። የላይኞቹ በተራዎቹ መሃል የሚሄዱት ቀጫጭን መተላለፊያዎች ናቸው። አንዱ ቢዘጋ በሌላው ዞራችሁ ትወጣላችሁ። የውስጠኞቹ ግን ዋናው አስፋልት ናቸው። እሱ ከተዘጋ ሰፈሩ በሙሉ ይጨናነቃል።

በላይኛው ደም መልስ ውስጥ ደም ሲረጋና የሥሩ ግድግዳ ሲቆጣ በሕክምና ቋንቋ ሱፐርፊሻል ትሮምቦፍሌባይቲስ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በቀላል ሕክምና የሚድን ችግር ነው። የላይኛው የክንድ ሥር ቀጭን ስለሆነ የሚረጋው ደምም ትንሽ ነው፤ ከተቆጣው ግድግዳ ጋርም ተጣብቆ ይቀመጣል። ተነስቶ ወደ ሳንባ የመሄድ ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነው።

ደም ለምን ይረጋል?

ሦስት ምክንያቶች አሉ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኖረው ጀርመናዊ ሐኪም በሩዶልፍ ቪርቾ ስም የሚጠሩ ስለሆኑ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ በቃሉ ይላቸዋል።

1. የደም ሥሩ ግድግዳ ሲጎዳ። የካኑላው ጫፍ ግድግዳውን ይፈገፍጋል። አንዳንድ መድኃኒቶችም ራሳቸው ያቃጥላሉ፦ ክሎክሳሲሊን፣ ቫንኮማይሲን፣ ፖታሲየም፣ 40 በመቶ ግሉኮስ፣ አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶች። ቶሎ ቶሎ ሲገፉ ደግሞ ይብሳል።

2. የደም ፍሰት ሲዘገይ። ካኑላው ራሱ ቀጭኗን ሥር ግማሽ በግማሽ ይዘጋታል። ጠባብ ፋሻ፣ የተጣበቀ ሰዓት፣ ለረጅም ጊዜ ታጥፎ የቆየ ክንድም ይጨምርበታል።

3. ደሙ ራሱ ለመርጋት ሲዘጋጅ። እርግዝናና ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ፣ ካንሰር፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት፣ በዘር የሚመጣ የመርጋት ዝንባሌ።

አሁን የልጁን ክንድ እዩት። ካኑላው ለ5 ቀን አንድ ሥር ውስጥ ቆየ፤ ጆንያ ባነሳ ቁጥር ጫፉ ግድግዳውን ፈገፈገው። ትኩሳት ላይ ነበር፤ ውሃም በደንብ አይጠጣም። ሦስቱም ምክንያቶች ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

• በአንድ ደም ሥር መስመር ላይ የሚሰማ ሕመም
• ሲዳሰስ ገመድ ወይም የዶቃ ክር የሚመስል ጥጥር ያለ ነገር
• በመስመሩ ላይ ሙቀትና ትንሽ እብጠት
• ቅላት

ስለ ቅላት አንድ ነገር ልበል። መጽሐፍ ላይ «ቀይ መስመር» ይላል። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ሁልጊዜ አይታይም፤ ጠቆር ብሎ ወይም ወደ ሐምራዊ ሄዶ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ በዓይናችሁ ብቻ አትፍረዱ። በእጃችሁ መዳፍ ጀርባ ሙቀቱን ከሌላኛው ክንድ ጋር አወዳድሩ፤ በጣታችሁም ቀስ ብላችሁ ዳስሱ።

አሁን ስሕተቴን ልንገራችሁ

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ሌላ የሸክም ሠራተኛ መጥቶ ነበር። ጎልማሳ፣ ጠንካራ፣ ጡንቻው የዳበረ። «ከትናንት ጀምሮ ቀኝ ክንዴ ከበደኝ» አለኝ። ካኑላ ተተክሎለት አያውቅም። ገመድም የለውም። «ሙሉ ቀን ዕቃ ወደ ላይ ስትሰቅል ውለህ ነው፤ ጡንቻህ ተወጥሯል» አልኩትና የሕመም ማስታገሻ መርፌ አዝዤ ሸኘሁት።

በነጋታው ተመለሰ። ክንዱ ከትከሻው እስከ ጣቶቹ አብጧል። ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ትከሻውና ደረቱ ላይ በፊት ያላየኋቸው ደም ሥሮች ተገትረዋል። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ላክሁት። በዶፕለር አልትራሳውንድ ሲታይ የረጋው ደም ከአንገት አጥንት ሥር በሚያልፈው በዋናው የውስጥ ደም መልስ ውስጥ ነበር።

ይህ በሽታ ፓጄት ሽሮተር ይባላል። እንግሊዛዊው ጄምስ ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1875፣ ኦስትሪያዊው ሊዮፖልድ ፎን ሽሮተር ደግሞ በ1884 ገልጸውታል። ሥሩ በአንገት አጥንትና በመጀመሪያው የጎድን አጥንት መሃል ባለች ጠባብ ቦታ ያልፋል። ሰው እጁን ወደ ላይ እያነሳ ደጋግሞ ከባድ ዕቃ ሲሰቅል ሥሩ በሁለቱ አጥንቶች መሃል ይጨመቃል፤ ይጎዳል፤ ደም ይረጋበታል። የሚይዘውም ብዙ ጊዜ ወጣትና ጠንካራ ሰውን ነው፤ ስፖርተኛ፣ ቀለም ቀቢ፣ ተሸካሚ። «ይሄ ጠንካራ ልጅ ምን ይሆናል?» ብለን የምናልፈው ሰው ማለት ነው። እኔም ያለፍኩት እንደዚያ ብዬ ነው።

ሰውየው ደም ማቅጠኛ ተጀመረለት፤ ተሻለው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «ክንዴ ከበደኝ» ያለኝን ሰው ሁለቱንም እጅጌ ሳላስወልቅ አልሸኝም።

ሁለቱን እንዴት እንለያቸው?

የላይኛው ሥር ከሆነ፦ ሕመሙ በአንድ መስመር ላይ ነው። ገመዱ ይዳሰሳል። እብጠቱ በመስመሩ ዙሪያ ብቻ ነው። ጣቶቻችሁ እንደ ወትሯቸው ናቸው።

የውስጠኛው ከሆነ፦ ክንዱ በሙሉ ያብጣል፣ ይከብዳል። ቀለበት ወይም ሰዓት ይጠብባችኋል። ቀለሙ ይለወጣል። ብዙ ጊዜ የሚዳሰስ ገመድ የለም።

ቤት ውስጥ የምትሠሩት ቀላል ነገር አለ። በልብስ ሰፊ ሜትር የሁለቱን ክንዶች ዙሪያ ከክርን በላይና ከክርን በታች ተመሳሳይ ቦታ ላይ ለኩና ጻፉት። የምንሠራበት እጅ በተፈጥሮው ትንሽ ወፈር ሊል ይችላል፤ ግን ልዩነቱ ግልጽ ከሆነ ወይም በነጋታው ስትለኩት ከጨመረ ቤት አትቀመጡ።

ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች

• ክንድ በሙሉ ካበጠ፣ ከከበደ ወይም ከሰማያዊነት ጋር ከሆነ
• ትኩሳት (38 ዲግሪና ከዚያ በላይ)፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ወይም ካኑላው ከነበረበት ቀዳዳ መግል መውጣት
• ገመዱ ወደ ላይ እየረዘመ ወደ ብብት ከተጠጋ
• በሁለትና ሦስት ቀን ሕክምና ካልተሻለና እየባሰ ከሄደ
• ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ በቅርብ ከወለዳችሁ፣ የካንሰር ታካሚ ከሆናችሁ ወይም ከዚህ በፊት ደም ረግቶባችሁ ካወቀ

ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም ራስን መሳት ካለ ግን የረጋ ደም ሳንባ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ነገ አትበሉ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አምቡላንስ ካስፈለጋችሁ የቀይ መስቀል 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው ሕክምና ካኑላውን መንቀል ነው። «አንድ መርፌ ብቻ ነው የቀረኝ» ብሎ ነገር የለም። ካመመ፣ ካበጠ ወይም ከጠጠረ ይነቀላል፤ መድኃኒቱ ከቀጠለ በሌላኛው ክንድ ይተከላል።

ከዚያ በኋላ አስጊ ምልክት ለሌለው ሰው፦

1. ሞቅ ያለ ፎጣ። በሞቀ ውሃ የተነከረና የተጨመቀ ፎጣ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። መጀመሪያ በጤነኛው እጃችሁ ሙቀቱን ፈትሹ። በተለይ ስኳር ያለባችሁ ተጠንቀቁ፤ ሳይታወቃችሁ ልትቃጠሉ ትችላላችሁ።

2. ክንዱን ከፍ ማድረግ። ስትቀመጡና ስትተኙ ትራስ ላይ አሳርፉት። ግን ሽባ አታድርጉት፤ ጣቶቻችሁን ጨበጥ ዘርጋ እያደረጋችሁ አንቀሳቅሱ። ከባድ ዕቃ ማንሳት ግን ሕመሙ እስኪቀንስ ይቅር።

3. የሚቀባ ዲክሎፌናክ። ቁስል በሌለበት ቆዳ ላይ በቀን ሦስት አራት ጊዜ። ሳትጫኑ፣ ሳታሹ፣ ላዩ ላይ ብቻ።

4. ሕመሙ ከበረታ አይቡፕሮፌን። ለአዋቂ 400 ሚሊ ግራም ከምግብ በኋላ በቀን እስከ ሦስት ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት። የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ድካም ችግር፣ በእንዲህ ዓይነት መድኃኒት የሚነሳ አስም ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ዋርፋሪንና የመሳሰሉ ደም ማቅጠኛዎች የምትወስዱ ከሆነ አትውሰዱት። ፓራሲታሞል ይሻላችኋል።

ሕመሙ ብዙ ጊዜ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ጥጥሩ ግን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሕመም ከሌለው ጥጥሩ ብቻውን አያስፈራ፤ ሰውነታችን ቀስ እያለ ያጸዳዋል።

«ደም ማቅጠኛስ?» ትሉኝ ይሆናል። ካኑላ ላመጣው የላይኛው የክንድ ሥር መርጋት ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። ወደ ውስጠኛው ሥር ከተጠጋ፣ እየረዘመ ከሄደ ወይም ካንሰር ካለ ሐኪሙ አመዛዝኖ ይወስናል። እግር ላይ ከሆነ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ለሚረዝም የላይኛው ሥር መርጋት ብዙ ጊዜ ለ45 ቀን ደም ማቅጠኛ ይታዘዛል። ስለዚህ የክንዱን ምክር ለእግር አትጠቀሙበት።

እባካችሁ እነዚህን አታድርጉ

ማሸት፦ በቅቤም ሆነ በቫዝሊን፣ በወጌሻም ሆነ በእናት እጅ፣ አይታሽም። የተቆጣውን ግድግዳ የበለጠ ታቆሰሉታላችሁ። ነገሩ ሳይታወቅ የውስጠኛው ሥር ከሆነ ደግሞ የረጋውን ደም ልታስነሱት ትችላላችሁ። ለልጁ ያሹለት ሰው በክፋት አላደረጉትም፤ ግን ሦስቱም ማታ የቁጣው እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነበር።

አንቲባዮቲክ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ፦ ትኩስና ቀላ ያለ ሁሉ ኢንፌክሽን አይደለም። ትኩሳትና መግል ከሌለ አሞክሲሲሊን የረጋ ደምን አይነካውም። መግል ካለው ደግሞ ኪኒን ላይበቃው ይችላል፤ ሐኪም ማየት አለበት።

መብጣት ወይም በመርፌ መውጋት፦ «መጥፎ ደም እናውጣ» ብሎ ኢንፌክሽን ማስገባት ነው።

ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብልን በሕክምና ፋንታ መያዝ፦ ከሻይ ጋር ጠጡት፤ ቅር አይለኝም። ግን ክንዱ እያበጠ «ደም ያቀጥናል ብለውኝ» ብላችሁ ቀን አታሳልፉ።

ከመተከሉ በፊት መጠየቅ መብታችሁ ነው

ከበሽታው ሁሉ የሚያሳዝነኝ አብዛኛውን መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። ድካም የተሰማው ሰው ሁሉ «ዶክተር፣ አቅም እንዲሰጠኝ ግሉኮስ ይተከልልኝ» ይላል። መጠጣትና መብላት ለሚችል ሰው አንድ ከረጢት ግሉኮስ ከስኳር ውሃ ብዙም አይለይም። ካኑላ ደግሞ ሥር ውስጥ የሚገባ ባዕድ ነገር ነው፤ የሚያስፈልገው ሲያስፈልግ ብቻ ነው። ስለዚህ፦

• «ይህ መድኃኒት በኪኒን አይሆንም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ነውር የለውም፤ ጥሩ ሐኪም ደስ ይለዋል።
• ካኑላው የሚተከለው በተቻለ መጠን በማትሠሩበት እጅ፣ ከክርን እጥፋትና ከእጅ አንጓ ራቅ ብሎ ይሁን። መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን በታጠፈ ቁጥር ይፈገፍጋል።
• የተተከለበትን ቀን ፕላስተሩ ላይ አስጽፉ። በየቀኑ ይታይ። ሦስትና አራት ቀን ከሞላው «ይቀየር ወይስ ይነቀል?» ብላችሁ አስታውሱ። ሥራው ካለቀ ግን ሰዓት አይጠበቅለትም።
• ካኑላ ይዛችሁ ወደ ቤት ከሄዳችሁ ደረቅና ንጹሕ ይሁን። ፌስታል ላብ ያፍናል፤ ለረጅም ጊዜ አትጠቅልሉት። ሸክም፣ ልብስ ማጠብና መጥረግ በዚያ እጅ ይቅር።
• መድኃኒቱ ሲገባ ካንገበገባችሁ ወዲያው ተናገሩ። ዝም ማለት ጨዋነት አይደለም።

ያለ ካኑላ ከመጣስ?

ካኑላ ሳይተከል፣ ሳይመታ፣ አንዴ ክንድ ላይ አንዴ እግር ላይ እየተዘዋወረ የሚመጣ ከሆነ ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ሲጋራ በሚያጨሱ ወጣቶች ላይ ቡርገር የሚባለው የደም ሥር በሽታ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የተደበቀ ካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ይሆናል። ይህንን ዝምድና እ.ኤ.አ. በ1865 ያስተማረው ፈረንሳዊው ሐኪም አርማንድ ትሩሶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ምልክቱን ራሱ ላይ አየው፤ በዚያው ዓመት በካንሰር ሞተ። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራችሁ አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ካንሰር የለበትም። ግን ተደጋግሞ የሚመጣን ነገር በቅባት ብቻ አትለፉት።

ወደ ልጁ እንመለስ። ሁለቱን ክንዶቹን ለካሁ፤ እብጠቱ በመስመሩ ዙሪያ ብቻ ነበር። ትኩሳት የለም፤ መግል የለም፤ ገመዱ ከብብቱ ሩቅ ነው። ፎጣውን፣ ቅባቱን፣ ዕረፍቱን ነገርኩት። ከሁሉም የከበደው ዕረፍቱ ነበር። «ካልተሸከምኩ ምን እበላለሁ?» አለኝ። ለዚህ የማዝለት መድኃኒት የለኝም። አብረውት የሚሠሩት ልጆች ለአንድ ሳምንት ቀላል ቀላሉን እያስያዙት እነሱ ከባዱን አነሱለት። መርካቶ እንዲህም ናት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጣ ሕመሙ ጠፍቶ ቀጭን ክር የመሰለች ጥጥር ብቻ ቀርታ ነበር። ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ «ያንን ቀን ሲያንገበግበኝ መናገር ነበረብኝ» አለኝ።

እናንተም ተናገሩ። ይህን ጽሑፍ ካኑላ ላይ ላለ ዘመዳችሁ፣ «ግሉኮስ ይተከልልኝ» ለሚል ወዳጃችሁ ላኩለት። ጽሑፉ ለትምህርት ነው፤ ምርመራን አይተካም። ጥርጣሬ ካላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ።